ታሪኩን ከውሃው ጀምሩ

ለተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅነት ከሠራሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ እዚህ ቨርጂኒያ ከልጄ ቤተሰብ ጋር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ፖድካስት የምትሠሩ፣ በዩቲዩብ ታሪክ የምትተርኩ፣ በኤፍ ኤም ጣቢያዎች ማይክራፎን የጨበጣችሁ ወጣቶች አልፎ አልፎ እየደወላችሁ «ጋሼ፣ ምን ይመክሩናል?» ትሉኛላችሁ። በስልክ የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ያጥርብኛል፤ ዋናው ነገር ትዝ የሚለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ስለ አንድ ዘፈን ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የአሜሪካን የካንትሪ ሙዚቃ እንወዳለን። ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ኬኒ ሮጀርስን የማያውቅ የእኔ ዘመን የከተማ ልጅ ብርቅ ነው። ረጋ ያለው ጊታርና ስለ ናፍቆት፣ ስለ መለያየት፣ ስለ አገር ቤት የሚያወራው ግጥም ከትዝታችን ጋር ሳይስማማ አልቀረም። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቻችን የወደድነው ዜማውን ነው፤ ቃሉን ያዳመጥን ጥቂቶች ነን። የጆኒ ካሽን «የአይራ ሄይስ ባላድ» መጀመሪያ የሰማሁት ከውጭ በመጣ ካሴት ላይ ሲሆን፣ በአዝማቹ ላይ «ሰካራሙ አይራ ሄይስ በሉት» የሚል ቃል ስለሚመላለስ የጠጪ ዘፈን መስሎኝ ወደሚቀጥለው አሳለፍኩት። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ያዳመጥኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ቀንም ስለ ሥራዬ የማስበው ነገር ተለወጠ።

ዘፈኑ የሚተርከው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኗ የኢዎ ጂማ ደሴት ላይ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉት ስድስት ወታደሮች ስለ አንዱ፣ ስለ አይራ ሄይስ ነው። ፎቶግራፉን ሳታዩት አትቀሩም፤ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከታተሙት የጦር ሜዳ ፎቶዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እጃችሁ ቢገባ ከየት ትጀምሩታላችሁ? እኔ ብሆን ያለ ጥርጥር ከተራራው ጫፍ፣ ከተኩሱና ከሰንደቁ እጀምረው ነበር። ዘፈኑ የሚጀምረው ግን ከእርሻ ነው። አድማጮቹን ሰብስቦ በአሪዞና ስለሚኖር አንድ ገበሬ ሕዝብ ያወጋቸዋል፤ በቦዮቻቸው ለሺህ ዓመት ውሃ ይወርድ እንደነበር፣ ከዚያም ነጮች ውሃውን እንደወሰዱባቸውና ቦዩ እንደደረቀ ይናገራል። ጦርነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ አጀማመር የግጥም ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። የአይራ ሄይስ ሕዝብ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ሲሆን በውጭው ዓለም ፒማ ተብሎ ይታወቃል፤ ራሱን የሚጠራው ግን አኪሜል ኦኦዳም፣ ማለትም የወንዝ ሕዝብ እያለ ነው። ወንዙ ሂላ ይባላል፤ ከኒው ሜክሲኮ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የአሪዞናን በረሃ ያቋርጣል። እነዚህ ሰዎች ከወንዙ ቦይ እየጠለፉ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ጥጥ፣ በኋላም ስንዴ ያመርቱ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ የሚጎርፈው መንገደኛ በረሃውን የተሻገረው ከእነሱ በገዛው እህል ጭምር ነው። እህል ሸጠው መንገደኛ ያሳደሩት ሰዎች ውለታቸው የተመለሰላቸው እንዲህ ነው፤ ከወንዙ በላይ የሰፈሩ ነጭ ገበሬዎች ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ውሃውን ወደ ራሳቸው ማሳ ጠለፉት፣ የመቶ ዓመቱ ማብቂያ ላይም ያ እህል ሻጭ ሕዝብ በረኃብ ተመታ። በአገራችን ከላይ ያለ ገበሬ ቦዩን ሲዘጋበት ከታች ያለው ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋውም፤ በዚህ ነገር ሰው ይገዳደላል። የፒማ ሕዝብ አልተገዳደለም፣ አቤት አለ። መብቱን በስፋት የሚያስመልስ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ2004 ነው።

አይራ ሄይስ የተወለደው ጥር 12 ቀን 1923 ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ሕንዶች ለሚባሉት፣ በተከለለው የሂላ ወንዝ ክልል ውስጥ ሳካቶን በምትባል መንደር ነው። በ1942፣ በ19 ዓመቱ፣ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ ገባ፤ ጃንጥላ ዘላይ ሆኖም ሠለጠነ። የአሜሪካ ሕንዶች ሁሉ ዜግነት ያገኙት በ1924 ቢሆንም የአሪዞና ፍርድ ቤት በ1928፣ ያውም ከሂላ ወንዝ በመጡ ሁለት ሰዎች ጉዳይ ላይ፣ በክልሉ የሚኖር ሕንድ መምረጥ አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ያ ፍርድ የተሻረው በ1948 ነው። እንግዲህ ልጁ በተራራው ላይ ያን ሰንደቅ ሲያቆም፣ በትውልድ ግዛቱ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበረውም።

ፎቶግራፉ የተነሣው የካቲት 23 ቀን 1945 ሱሪባቺ በሚባለው ተራራ አናት ላይ ሲሆን፣ ያነሣው የአሶሼትድ ፕሬስ ባልደረባ ጆ ሮዘንታል ነው። አንድ ጊዜ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከሁሉም በስተግራ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው አይራ ነው። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ነገር ግን ምሰሶው ከእጁ አምልጦ ወደ ላይ ሄዷል፣ ጣቶቹና ምሰሶው መካከል ባዶ አየር አለ። የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የተዘጋው አንድ ሰከንድ ለአራት መቶ ተከፍሎ በአንዷ ክፍል (1/400) ውስጥ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ አይራ አሥር ዓመት ገደማ በሕይወት ኖሯል፤ ሰዎች ግን ባገኙት ቁጥር የሚፈልጉት ያችን ቅጽበት ብቻ ነበር።

በእነዚያ አሥር ዓመታት ምን እንደተከተለ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ከስድስቱ ሦስቱ እዚያው ደሴት ላይ ሞቱ። ውጊያው 36 ቀን የፈጀ ሲሆን ወደ 7000 የሚጠጉ አሜሪካውያን አልቀዋል፤ የጃፓን ሟቾች ቁጥር ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ፎቶው በአሜሪካ ጋዜጦች ከወጣ በኋላ መንግሥት በሕይወት የቀሩትን ፈልጎ አስመጣቸውና ለሰባተኛው የጦርነት ብድር ቦንድ ሽያጭ ከከተማ ወደ ከተማ ወሰዳቸው። የታቀደው 14 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የተገኘው ከ26 ቢሊዮን በላይ ሆነ። በየከተማው ድግስ፣ ንግግር፣ የእጅ መጨባበጥ፣ በየድግሱም መጠጥ ነበረ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። አይራ ጉዞውን አልጨረሰም፤ በመጠጡ ምክንያት ወደ ጦር ክፍሉ እንዲመለስ ተደረገ። እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ መቶ ከሚባለው የጦር ክፍሉ 45 ሰዎች አምስት ብቻ ተርፈው፣ ከሻምበሉ 250 ሰዎች ሳይሞቱና ሳይቆስሉ የወጡት 27 ብቻ ሆነው ሳለ፣ ጀግና ተብሎ መጠራቱን ልቡ ሊቀበለው አልቻለም።

ዘፈኑ የማያነሣው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው አንድ ታሪክ አለ። ከሞቱት መካከል አንዱ የቴክሳሱ ሃርለን ብሎክ ነበር፤ ፎቶው ላይ ከምሰሶው ሥር ጎንበስ ብሎ የሚተክለው እሱ ነው። መንግሥት ግን በእሱ ቦታ የሌላ ሟች ወታደር ስም አወጣ። አይራ ስሕተቱን ለሚመለከተው መኮንን ሲነግር፣ ስሞቹ ለሕዝብ ስለተገለጹ አፉን እንዲዘጋ ታዘዘ። እሱም ወታደር ነውና ዝም አለ። የወታደር ልብሱን ካወለቀ በኋላ ግን በ1946 ከአሪዞና ተነሥቶ፣ በመንገድ ላይ መኪና እየለመነ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደቡብ ቴክሳስ ወደሚገኘው የብሎክ ቤተሰብ እርሻ ሄደ፤ ለአባትየው በፎቶው ላይ ያለው ልጅዎ ነው ብሎ ነገራቸውና ተመለሰ። ካሜራም ጋዜጠኛም አላስከተለም። ቤተሰቡ ለምክር ቤት አባላቸው ጻፉ፣ ምርመራ ተደረገ፣ በ1947 ስሙ ተስተካከለ። ይህን ያደረገው እንግዲህ «ሰካራሙ» የሚባለው ሰው ነው። እኔ የአይራ ሄይስን ሕይወት በአንድ ፕሮግራም እንድተርክ ብጠየቅ፣ ከተራራው ይልቅ ለዚያ መንገድ ሰፊ ጊዜ እሰጥ ነበር።

በነገራችን ላይ የዚያ ፎቶ ስሞች ጉዳይ በዚህም አላበቃም። ከስድስቱ የሁለት ሰዎች ማንነት ተሳስቶ ኖሮ፣ አንዱ በ2016፣ ሌላው በ2019 ታርሟል። በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት ፎቶዎች በአንዱ ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ ከ70 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። እናንተ አንድ አሮጌ ፎቶ ከፌስቡክ አንሥታችሁ «ይህ እገሌ ነው» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። አይራ ወደ መንደሩ ሲመለስ ውሃውም ሥራውም አልነበረም። መንገደኞች በመኪና መንደሩ ድረስ እየመጡ «ሰንደቁን የተከልከው ሕንድ አንተ ነህ?» ይሉት ነበር። በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ ታስሯል። ዘፈኑ እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ይናገራል፤ በእስር ቤቱ ሰንደቅ ዓላማውን እንዲሰቅልና እንዲያወርድ ይፈቅዱለት ነበር፣ ለውሻ አጥንት እንደሚወረወር። ኅዳር 10 ቀን 1954 በአርሊንግተን የፎቶው ምስል በነሐስ ተቀርጾ ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባሉበት አይራም ተገኝቷል። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ጥር 24 ቀን 1955 ጠዋት፣ በገዛ መንደሩ አቅራቢያ ከአንድ ወና የጭቃ ቤት አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ሌሊቱን ካርታ ሲጫወቱና ሲጠጡ ነበር ያመሹት፤ ምክንያቱ ብርድና አልኮል ነው ተባለ። 32 ዓመቱ ነበር። ጦርነት በአእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ ዛሬ የምናውቀውን ስም ያገኘው በ1980 ስለሆነ፣ እሱ በኖረበት ጊዜ ለዚያ ነገር የነበረው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ስካር።

ዘፈኑ አይራ ሁለት ኢንች ውሃ ባለበት ቦይ ውስጥ እንደሞተ ይናገራል፤ የተገኘው ግን እንዳልኳችሁ ከጭቃ ቤቱ አጠገብ ነው። ዘፈኑ 27 ሰዎች ብቻ በሕይወት ከኮረብታው ወረዱ ይላል፤ አይራ የተናገረው ግን ሳይሞቱና ሳይቆስሉ ስለቀሩት ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት የምጠቁማችሁ ገጣሚውን ለመንቀፍ አይደለም። ገጣሚው መጀመሪያ ላይ የደረቀውን ቦይ መጨረሻ ላይ የሰውየው መቃብር አድርጎታል፤ የእኛ ባለቅኔዎች ሰምና ወርቅ የሚሉት ነገር ነው። ለገጣሚ የተፈቀደው ግን ለእናንተ አልተፈቀደም። ዘፈን ጠቅሳችሁ ታሪክ ስትናገሩ፣ ዘፈኑ የተናገረውንና የሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ዘፈኑ በዚህ ምክንያት አያንስም፤ እናንተ ግን ሁለቱን ብትቀላቅሉ፣ አንድ የሚያውቅ አድማጭ በሁለቱ ኢንች ውሃ ይይዛችሁና የተሰረቀውን ወንዝም ተረት ነው ይላችኋል።

ግጥሙን የጻፈው ፒተር ላ ፋርዥ የሚባል የፎክ ዘፋኝ ሲሆን፣ እሱም በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል ያገለገለ ነበር። ያ ጦርነት የእኛም የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከ1951 ጀምሮ የተዋጉበት ነው፤ በኋላ በደርግ ዘመን «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት የማያስመሰግን ወሬ ሲሆንባቸው ኒሻናቸውን ሣጥን ውስጥ የደበቁ አዛውንቶችን በልጅነቴ አውቅ ስለነበር፣ ላ ፋርዥ ስለ ማን እንደሚያወራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ላ ፋርዥ በ1965 ገና በ34 ዓመቱ ሞተ። ዘፈኑን በሕዝብ ጆሮ ያስገባው ጆኒ ካሽ ነው። ካሽ ከመቅዳቱ በፊት የአይራን እናት ሄዶ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም «የአፓቼ እንባ» የሚባለውን ጥቁር፣ ብርሃን ሲነካው የሚያሳልፍ ትንሽ ድንጋይ ሰጡት፣ እሱም አስወልውሎ በወርቅ ሰንሰለት አንገቱ ላይ አሰረው። ከዚያ በመጋቢት 1964 ስቱዲዮ ገባ። ስታዳምጡት ከመዝፈን ይልቅ መናገር እንደሚቀናው ትሰማላችሁ፤ ስንኞቹን ልክ ለቅሶ ቤት ከተቀመጠ ሰው እንደሚሰማ ወሬ ያወራቸዋል፣ ዜማውን የሚይዘው አዝማቹ ላይ ሲደርስ ነው። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። በሕይወቴ ብዙ የፕሮግራም አቅራቢ አሠልጥኛለሁ፤ ሐዘን ሲያነቡ ድምፃቸውን ለሚያንቀጠቅጡት ሁሉ ይህን ዘፈን ባስደምጣቸው ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

አሁን ለእናንተና ለእኔ ሙያ ወደሚቀርበው ክፍል ደረስኩ። ዘፈኑ ሲወጣ ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች አላጫውት አሉ። ካሽ በዚያን ጊዜ ማንም የማያውቀው ልጅ አልነበረም፤ የተደላደለ ስም ነበረው። አዘጋጆቹ ግን ከአራት ደቂቃ በላይ ስለሆነ ረዘመ፣ ለመዝናኛ ከበደ፣ አድማጭ አይፈልገውም አሉ። ካሽ ነሐሴ 22 ቀን 1964 በወጣው ቢልቦርድ በሚባለው የሙዚቃ መጽሔት ላይ በገንዘቡ አንድ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ለሙዚቃ አቅራቢዎች፣ ለጣቢያ ሥራ አስኪያጆችና ለባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ወኔያችሁ የት ገባ ብሎ ጠየቃቸው። ዘፈኑ ጠንካራ መድኃኒት መሆኑን አልካደም፤ የዚያ ዓመት የሃርለምና የሮቸስተር የጥቁሮች ዐመፅ፣ የጥቁሮች የመብት ትግል የተካሄደባት በርሚንግሃምና የቬትናም ጦርነትም እንደዚያው መሆናቸውን አስታወሳቸው። ዘፈኑ በካንትሪ ሠንጠረዥ ላይ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

ይህን ሳነብ ከካሽ ጋር ሆኜ በእነዚያ ጣቢያዎች ላይ መፍረድ በወደድኩ። ነገር ግን እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥኩት ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚታገድ ከውስጥ አውቀዋለሁ። ማንም ተነሥቶ «ይህ እውነት እንዳይነገር» አይልም። በብዛት የሚባለው «ደቂቃው አይበቃም» ነው፣ ወይም «ለበዓሉ ስሜት አይሄድም»። እንዲህ የሚለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሰዓቱ የደረሰበት፣ አለቃው በር ላይ የቆመበት፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ያ ሰው አንድ ቀን እኔ ነበርኩ።

ገና ጀማሪ አዘጋጅ ሳለሁ፣ ለድል በዓል አንድ አረጋዊ አርበኛ አነጋግሬ እንድመጣ ተላኩ። የጣቢያውን ስም አልጠራም። ሰውየው በከተማው ዳር በአንዲት የጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ ጋቢ የተከናነቡ፣ ሰውነታቸው ቀጭን ድምፃቸው ግን ጎራዴ የሆነ ሰው ነበሩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቀዳሁ። ሲፎክሩ፣ ሲያቅራሩ፣ ሰንደቅ ዓላማው ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲሰቀል ያዩትን ሲተርኩ እኔም አብሬ እንባ ተናነቀኝ። መጨረሻ ላይ፣ ቴፑን ላጠፋ እጄን ስሰድ፣ «አንድ ነገር ልጨምር» አሉኝ። የአርበኝነት አበላቸውን ለማስከበር የጠየቁት መሥሪያ ቤት አብረዋቸው የዘመቱ ሦስት ምስክሮች አምጡ ብሏቸው ለዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። «ምስክሮቼ ሁሉ አፈር ገብተዋል፤ መቃብር ቆፍሬ ላምጣቸው?» አሉ። ይህን ሲናገሩ አልፎከሩም። እንዲያውም ድምፃቸው በጣም ዝቅ ስላለ ማይክራፎኑን ማስጠጋት ነበረብኝ።

በማግሥቱ ስቱዲዮ ገብቼ ፉከራውን አስቀደምኩ፣ የሰንደቁን ታሪክ አስከተልኩ፣ ስለ ምስክሮቹ የተናገሩትን ቆርጬ አወጣሁ። ያን ጊዜ መቁረጥ ማለት በእርግጥ መቁረጥ ነበር። ቴፑን በሁለት እጅ ይዛችሁ በመሣሪያው ራስ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሳችሁ ቃሉ የሚጀምርበትን ነጥብ ትፈልጋላችሁ፣ በእርሳስ ምልክት ታደርጉበታላችሁ፣ በምላጭ ሰያፍ ትቆርጡታላችሁ፣ ሁለቱን ጫፎች በማጣበቂያ ትገጥማላችሁ። በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር በሚሄድ ቴፕ ላይ ሁለት ደቂቃ ንግግር ከ22 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ያ ቡናማ ጥቅል ወንበሬ ሥር ወደቀ። ማታ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረገችው። አለቃዬ ፕሮግራሙን ሰምተው አመሰገኑኝ፤ ማንም ቁረጥ ብሎ አላዘዘኝም።

ልጆቼ፣ እናንተ ምላጭ አያስፈልጋችሁም፤ ጣታችሁን በማያ ገጹ ላይ ማንሸራተት ይበቃችኋል። መቁረጡ እንዲህ በቀለለ መጠን መጠንቀቁ የእናንተ ሆኗል። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ቅጂ ሁልጊዜ አስቀምጡ፤ ማስቀመጫ ቦታው እንደ እኛ ጊዜ ውድ አይደለም። አንድ አዛውንት መቅረጫው ሊጠፋ ሲል «አንድ ነገር ልጨምር» ካላችሁ፣ የመጣችሁበት ጉዳይ እሱ ሊሆን እንደሚችል ገምቱና እንደገና ተቀመጡ።

ሌላው፣ «የተረሱ ጀግኖች» የሚለውን አርእስት አትውደዱት። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ያምራል፣ አድማጭም ይስባል። አይራ ሄይስ ግን አልተረሳም ነበር። ፎቶው ቴምብር ላይ ታትሟል፣ ነሐሱ ተቀርጿል፣ ሰው ደጃፉ ድረስ እየመጣ ያየው ነበር። የተረሳው ወንዙ ነው፤ የተረሳው ማታ ወዴት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ሕልም እንደሚያባንነው ነው። «ተረሳ» ስንል መፍትሔው ማስታወስ ይመስለናል፤ ከዚያ አንድ ፕሮግራም እንሠራለን፣ አበባ እናስቀምጣለን፣ ሰውየውን መድረክ ላይ አውጥተን ካባ እናለብሰዋለን፣ ውለታውን የከፈልን ይመስለንና ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ለአይራ እኮ ይህ ሁሉ ተደርጎለታል። ስለዚህ አንድን ባለውለታ ለመዘከር ስትነሡ፣ ስለ ጀብዱው ከመጠየቃችሁ በፊት ቤቱን ዙሪያውን እዩ፤ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ መድኃኒቱን ማን ይገዛለታል፣ የተወሰደበት ነገር አለ ወይ፣ ካለስ ማን ጋ ነው? ይህን መጠየቅ ከፉከራ ይልቅ ያስቸግራል፤ መልሱ ስም ያለው መሥሪያ ቤት፣ ስም ያለው ባለሥልጣን ላይ ያርፋልና። ጣቢያዎቹ ካሽን የፈሩትም ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ሰንደቁ ብቻ ቢዘፍን ኖሮ ከጠዋት እስከ ማታ ባጫወቱት።

አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ብንሠራ ማን ይከፍተዋል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልዋሻችሁም፤ ከፉከራው ያነሰ ሰው ይከፍተው ይሆናል። የካሽ ዘፈን ሦስተኛ ደረጃ መድረሱ ብዙ ሰው መስማት ይፈልግ እንደነበር ያሳያል፤ ሁልጊዜ እንዲያ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም። እንጀራችሁን የሚያስገባውን ሥራ ሥሩ፤ ከአሥሩ አንዱን ግን ከውሃው ጀምሩት።

ከምኖርበት ቤት እስከ አርሊንግተን ሩቅ አይደለም። የነሐሱ ሐውልት ከአርሊንግተን የወታደሮች መቃብር ስፍራ አጥር ውጭ ከፍታ ላይ ቆሟል፤ የእያንዳንዱ ሰው ምስል ከመሬት አንሥቶ 32 ጫማ ይረዝማል፤ ቅዳሜና እሑድ ከእኛ አገር ልጆች ጭምር ሙሽሮች ከሥሩ ፎቶ ሲነሡ አያለሁ። አይራ የተቀበረው በመቃብሩ ስፍራ ውስጥ፣ በክፍል 34፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በአንዲት ተራ ነጭ ድንጋይ ሥር ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም።

በዓሉ ካለፈ ከሳምንት በኋላ እኒያ አርበኛ ወደ ጣቢያው መጥተው ነበር። ዘበኛው ጠራኝና በሩ ላይ አገኘኋቸው። ፕሮግራሙን ጎረቤት ቤት ሄደው ሰምተውታል፤ መረቁኝ፣ «ድምፄን አሳመርከው» አሉኝ። ከዚያም ትንሽ ቆየት ብለው «ያቺ የምስክሮቹ ነገር ግን ቀረች?» አሉ። «ጊዜ አጥሮን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከጋቢያቸው ሥር አራት የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ፤ እንዳነበውላቸው ይሁን እንዳነበው ብቻ፣ አላብራሩም። እኔ ደግሞ የዜና ሰዓት ደርሶብኝ ነበር። በሌላ ቀን ይምጡና እናየዋለን ብያቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።